ሣር በሰልፍ አይበቅልም

ሬሳው በግራ ጎኑ ተጋድሞ፣ አንድ እጁን ከጉንጩ ሥር አስገብቶ ነበር። ከፊት ለመጣ ሰው ጥላ አግኝቶ ሸለብ ያደረገው ሽማግሌ ይመስላል። ከኋላ ለመጣ ግን ማጅራቱ ሁሉን ይናገራል።

መርማሪዋ የመጣችው ከኋላ ነበር። አጎነበሰች፤ ምንም ሳትነካ ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። «የተረገጠ ሣር። የብረት ካስማ፣ ጫፉ ላይ ደም። ጉንዳን። የግራ ጫማ፣ ክሩ የተፈታ። ሰሌዳ፣ ላዩ ላይ የተቆነጠጠ ወረቀት። እርሳስ።»

አሥር አለቃው በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበና ከት ብሎ ሳቀ።

«ጉንዳኑም ቃሉን ይሰጣል?»

«ዓይኔ እንዳገኘው ነው የምጽፈው» አለች ቀና ሳትል። «ሪፖርት ሳደርገው ይስተካከላል። ያኔ ደሙ ከላይ፣ ጉንዳኑ ከታች ይሆናል።»

«እንግዲያው ቶሎ ያስተካክሉት። ገዳዩ ካቴና ገብቷል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው ይመጣል፤ ጭኜው እወርዳለሁ። እስከዚያ ጉንዳንዎን ይቁጠሩ።»

መሥሪያ ቤት ውስጥ «መርፌ» የሚሏት በቅጥነቷ ብቻ አልነበረም። መርፌ ሲገባ ድምፅ የለውም።

ሟቹ የጥናት ጣቢያው ኃላፊ ነበር። «ጋሽ ቅጠሉ» ይሉታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቅጠሉን በየዓመቱ የሚያረግፍ ጫካ በየቦታው ሲከፋፍል የኖረ፣ ዕፅዋትን ወዶ ሰውን የጠላ ሰው። ሥራው ለሰሚ ቀላል ነው። በአራት የብረት ካስማ አንድ ካሬ መሬት ይታጠራል፤ ካስማውም ለምልክት እዚያው ይቀራል። ውስጡ ያለው ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሣር ሁሉ በስሙ ይጻፋል፤ ከጎኑም ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይሰጠዋል። አንድ ማለት ጥቂት ነው፤ አምስት ማለት መሬቱን ሸፍኖታል። ወረቀቶቹ ሲጠራቀሙ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ ይገለበጣሉ፤ ሁልጊዜ አብረው የሚገኙት ዕፅዋት ተለይተው በአንድ ማኅበር ይመደባሉ።

ከሬሳው ጎን የተገኘው ወረቀትም እንዲህ ያለ ነበር። ቀኑ የዛሬ ነው። የተጀመረበት ሰዓት፣ ሦስት ከአሥር። ያለቀበት፣ ለአምስት አሥር ጉዳይ።

«አዩ?» አለ አሥር አለቃው። «ሽማግሌው እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ቆሞ ይጽፍ ነበር። ከሦስት ሰዓት በፊት ጀምሮ ሚስቱ፣ ምክትሉና ካርታ ሠሪዋ ጣቢያው ውስጥ አንድ ክፍል ነበሩ። ጫካ ውስጥ የነበረው ጥበቃው ብቻ ነው። ሬሳውን አገኘሁ ያለውም እሱ፣ ስድስት ሰዓት ላይ። ኮቱ ደም በደም። ትናንት ማታ ደግሞ በሰው ፊት ዝቶበታል። ምን ቀረ?»

«ሦስት ቀረ።»

«ምን ሦስት?»

«ቦታው በአራት ካስማ ነው የሚታጠረው። አንዱ ይኸው። ሦስቱ የት አሉ?»

«ሌባው ሸጧቸዋላ!»

መርማሪዋ ካስማውን በመሐረብ ያዘችው። ከደሙ በቀር እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። ደብተሯን ገለጠችና ስለ ካስማው አንድ ቃል ጨመረች፦ «ንጹሕ።»

ጥበቃው መሣሪያ ቤት ውስጥ፣ ከአካፋና ከገመድ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አጭርና ወፍራም ነው፤ ጣቢያው «ጉቶ» ብሎ ጠርቶት ጠርቶት ትክክለኛ ስሙን ረስቶታል።

«ጋሼ፣ ትናንት ማታ ምን ተባባላችሁ?»

«ለስንተኛ ጊዜ ልናገር? ጆሮ የላችሁም?»

«የእኔ ጆሮ ገና አልሰማም።»

ጥበቃው በካቴና የታሰሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጣለ። «ጋሽ ቅጠሉ ከስንት ዓመት በኋላ እግሩን አንስቶ ማዶ ተዳፋት ሄደ። ማዶ ሠላሳ አንድ ቦታ አለን ይላሉ። አንድም ካስማ አጣ። መጥቶ ሌባ አለኝ። ብረቴን ነቅለህ ሸጥህ አለኝ። በልጄ ፊት! ካርታ የምትሠራዋ ልጄ ናት። እኔም ‹ይቺ አፍህ እዚሁ ጫካ ውስጥ ታስቀብርሃለች› አልኩት። አልክድም።»

«ነቅለውት ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስዞር ማዶ ላይ ካስማ አላየሁም። ይህንንም ነገርኩት።»

«ሌባ ምን ሊል ኖሯል!» አለ አሥር አለቃው ከበሩ።

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ዋናው በር ላይ እንጨት የጫነ መኪና ስፈትሽ ነበርኩ። ሹፌሩን ጠይቂ፤ ሲሳደብ ነው ያረፈደው። ከዚያ ዙሬን ጀመርኩ። ማዶ ተዳፋት ላይ ስደርስ ወድቆ አገኘሁት። የሞተ አልመሰለኝም፤ ላነሣው ታቀፍኩት። ይኸው ደሙ።»

መርማሪዋ ከሬሳው ጎን የተገኘውን ወረቀት አወጣችና አንድ በአንድ ታነብለት ጀመር። ባሉጥ። ግራጫ ልጥ። ነጭ ኮከብ፣ ሦስት ቁጥር...

«ማን አልሽ?»

«ነጭ ኮከብ።»

ጥበቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «እሷ እኮ ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ በፊት ፀሐይ ተሻምታ የምታብብ ናት። ጥላው ሲከብዳት ቅጠሏንም ግንዷንም ጥላ መሬት ውስጥ ትተኛለች። ይኸው ከተኛች ሁለት ወር አለፋት። ዛሬ ዐየሁ ያለ ሰው ሕልም ዐይቷል። ለሣር መታወቂያ ሲያድሉ የሚኖሩት እነሱ፣ ይህን የማውቀው እኔ ሌባው!»

«ሽማግሌ ነው፤ ተሳስቶ ይሆናል» አለ አሥር አለቃው።

«ጋሽ ቅጠሉ?» አለ ጥበቃው። «እሱ ሰው ላይ እንጂ ቅጠል ላይ አይሳሳትም።»

ካርታ ሠሪዋ በር ሲንኳኳ ከጠረጴዛዋ ቀና አላለችም።

«አባቴን ፈትታችሁት ከሆነ ግቢ። ካልሆነ በሩን ከውጭ ዝጊው።»

መርማሪዋ ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ከልጅቱ ፊት የጫካው ካርታ ተዘርግቷል፤ ሰባቱ የዕፅዋት ማኅበሮች በሰባት ቀለም። ማዶ ተዳፋት ሙሉ በሙሉ ወይን ጠጅ ነው።

«ይሄ ሰባተኛው ነው» አለች ልጅቱ በግድ። «የምክትሉ ግኝት። ከስድስት ዓመት በፊት ብቻውን እየተመላለሰ ያገኘው። የኃላፊነቱ ደብዳቤ የመጣለትም በዚሁ ነው። በሚቀጥለው ወር ሽማግሌውን ይተካ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት መቼ መጣ?»

«ለሦስት ሩብ ጉዳይ። የሽማግሌው ሚስት እትዬም እዚሁ ነበሩ። እስከ ስድስት ሰዓት ሠንጠረዡ ላይ አብረን ሠራን። ምነው? እሱን እንኳ ለቀቅ አድርጊው። በዚህ ጣቢያ ሰውን እንደ ሰው የሚያናግር እሱ ብቻ ነው። ‹ለስላሳው› የምንለው ወደን መሰለሽ?»

«ሲገባ ምን አደረገ?»

«ምን ያደርጋል? ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ወለሉን እንዳላቆሽሽ ብሎ።»

«ሁልጊዜ ያወልቃል?»

ልጅቱ ዞራ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ቁጣዋ ግን አልበረደም። «አባቴ ወፍ እንኳ በድንጋይ አባርሮ አያውቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጫኑት ወህኒ ቤት አንድ ክረምት አይወጣም፤ ሳንባው የተበላ ነው። አንቺ ደግሞ ስለ ጫማ ትጠይቂኛለሽ!»

ሚስቲቱ ዕፅዋት የሚደርቁበት ክፍል ውስጥ፣ በጋዜጣ መሃል ቅጠል እያስገባች ከላዩ ጣውላ ትጭን ነበር። ባሏ ከሞተ ግማሽ ቀን አልሞላም። እጇ ግን አልቆመም።

«አላለቅስም፤ ያን ጠብቀሽ ከሆነ የመጣሽው ተመለሺ» አለች። «ሠላሳ ዓመት ከፍላጎቴ በላይ አስለቅሶኛል። የገደለው ያ ጉቶ ነው። ወስዳችሁ ስቀሉት።»

«ሟቹ ትናንት ማታ ከጠቡ በኋላ ምን አደረጉ?»

«ምን ያደርጋል? ያው ሠንጠረዡ ፊት ተገተረ። ራቱን ሦስት ጊዜ አሞቅሁለት። የማዶውን ወረቀቶች ከሣጥን አውጥቶ ሲያገላብጥ ቆየና ‹ሣር በሰልፍ አይበቅልም› አለ።»

«ምን ማለታቸው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! እሱ የተናገረው ሁሉ ትርጉም ቢኖረው ኖሮ እስካሁን አብጄ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሰሌዳውን ይዞ ወጣ።»

መርማሪዋ ከሬሳው ጎን የተገኘውን ወረቀት አሳየቻት። «ጽሕፈቱ የእሳቸው ነው?»

ሴትዮዋ በዓይኗ ጫፍ አየችው። «የእሱ ነው። የእኔም ነው። የምክትሉም ነው። እዚህ ቤት ሁላችንም በእሱ እጅ ነው የምንጽፈው። ፊደላችን ካልመሰለው ወረቀቱን ይቀድደው ነበር።»

ምክትሉ፣ ለስላሳው፣ ገና መርማሪዋን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። ወንበር ሳበላት፤ ውኃ ቀዳላት፤ ብርጭቆውን በመሐረብ አብሶ ነው የሰጣት።

«በጣም ይቅርታ፣ ሰዉ ሁሉ ተቆጥቶብዎታል። ሐዘን ነው፤ አይፍረዱባቸው። እኔን የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

«ለሦስት ሩብ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ጢሜን ስላጭ፣ ሸሚዝ ስተኩስ። ብቻዬን ነኝ፤ ምስክር የለኝም» ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ሥራችሁ አልገባኝም» አለች መርማሪዋ፤ የማታውቅ መምሰል ታውቅበታለች። «ለምሳሌ ያ ሽማግሌው የሞቱበት ቦታ ላይ ምን ምን ይበቅላል?»

የለስላሳው ፊት በራ። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረላት። «ባሉጥ፣ ግራጫ ልጥ። ነጭ ኮከብ፣ ሽንኩርት ሸታ። የጥላ ሣር፣ የድንጋይ ሽበት። እሾሃም እንጆሪ፣ ሐረግ።» አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈም። መርማሪዋ እንደ ሰማችው ጻፈችው።

ስትወጣ አሥር አለቃውን ለብቻው ጠራችው። «ከማዶ ወደ ጣቢያው የሚያመጣውን የእግር መንገድ ይዘው ይሂዱ። ግራና ቀኙን፣ የወደቀ ግንድ ሥር፣ የቅጠል ክምር ውስጥ ይፈልጉልኝ።»

«ምን ልፈልግ? ጉንዳን?»

«ሦስት።»

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉም ሠንጠረዡ ካለበት ክፍል ገቡ። ሠንጠረዡ የግድግዳውን ግማሽ ይዟል፤ በቀጫጭኑ በተቆረጡ ወረቀቶች ላይ የተጻፉ የዕፅዋት ስሞች በየማኅበራቸው ተጣብቀዋል። ጥበቃው በካቴናው ጥግ ቆመ። ልጁ አጠገቡ። ሚስቲቱ ጀርባዋን ለሁለቱም ሰጠች። ለስላሳው ለሁሉም ወንበር አመቻቸ።

«ቶሎ በይ» አለች ሚስቲቱ።

«እርስዎ ያግዙኛል» አለች መርማሪዋና ከሟቹ የወረቀት ሣጥን በእጇ እንደ ገባ አንድ መዝዛ ሰጠቻት። «ያንብቡልን።»

ሚስቲቱ በምሬት አነበበች። «ሐረግ። ባሉጥ። የጥላ ሣር። እሾሃም እንጆሪ። ግራጫ ልጥ። ሐረግ ሁለተኛው ዓይነት። የድንጋይ ሽበት...»

«የተዘበራረቀ ነው።»

«ጫካ ይዘበራረቃላ! እግሩ እንደ ጣለው፣ ዓይኑ እንዳገኘው ነው የሚጽፈው። ኋላ ሠንጠረዡ ላይ ነው በቡድን የሚሰበሰበው።»

«እኔም እንዲሁ ነኝ» አለች መርማሪዋ። «ጉንዳን ከጫማ በፊት እጽፋለሁ። አሁን ደግሞ ከሬሳው ጎን የተገኘውን ያንብቡ።»

«ባሉጥ። ግራጫ ልጥ። ነጭ ኮከብ። ሽንኩርት ሸታ። የጥላ ሣር። የድንጋይ ሽበት...» የሚስቲቱ ዓይን ከወረቀቱ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ከግድግዳው ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። የሰባተኛው ማኅበር ዓምድ ከላይ እስከ ታች ያው ነበር።

«ነጭ ኮከብ ሠንጠረዡ ላይ አለች» አለች መርማሪዋ። «በአበባ ወቅትም በበጋም የተገኘው እዚያ አንድ ላይ ስለሚገለበጥ። መሬቱ ላይ ግን የለችም፤ ከተኛች ሁለት ወር ሆኗታል። ይህን የነገረኝ በካቴና ያሰርነው ሰው ነው። ስለዚህ ይህን ወረቀት የጻፈው ጫካውን ያየ ዓይን ሳይሆን ግድግዳውን የሸመደደ ጭንቅላት ነው። ወረቀቱ ሐሰት ከሆነ ሰዓቱም ሐሰት ነው። ጋሽ ቅጠሉ በሦስት ሰዓት እየጻፉ አልነበረም፤ ሞተዋል። ሐሰተኛ ሰዓት የሚጠቅመው ከሦስት በፊት ገድሎ፣ ከዚያ ወዲያ በሰው መሃል ለታየ ሰው ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጥበቃው ዋናው በር ላይ ነበር። ሹፌሩን አስጠይቄዋለሁ፤ ስድቡን እስካሁን አልጨረሰም።»

«ይቅርታ» አለ ለስላሳው በዝግታ። «ጋሼ እኮ በቅርቡ እየደከሙ ነበር። ሠንጠረዡን አስታውሰው ጽፈውት ሊሆን...»

«የማዶውን ሠላሳ አንድ ወረቀት ያንብቡ፣ እትዬ።»

ሚስቲቱ የመጀመሪያውን አነሣች። ሁለተኛውን። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ።

«ባሉጥ፣ ግራጫ ልጥ፣ ነጭ ኮከብ፣ ሽንኩርት ሸታ። ባሉጥ፣ ግራጫ ልጥ... ሁሉም! ሰልፍ ነው። በሰልፍ ነው የቆመው!» ወረቀቱን ጣለችው። «ለዚህ ነው... ማታ ይህንን ነው የነገረኝ። እኔ ደግሞ ራቱ ቀዘቀዘ ብዬ ተቆጣሁት።»

«ማዶ ካስማ ያልተገኘው ማንም ስላልነቀለው ነው» አለች መርማሪዋ። «አልተተከለም። ሰባተኛው ማኅበር የተወለደው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። የገደለው ካስማም ስድስት ዓመት መሬት ውስጥ የከረመ ቢሆን ኖሮ ዝገት ይበላው ነበር፤ እሱ ግን አፈር እንኳ አልነካውም። ዛሬ ጠዋት ገና ሊተከል የተወሰደ ነው።»

በሩ ተከፈተ። አሥር አለቃው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ገባ። ሦስት የሚያብረቀርቁ ካስማዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ግንድ ሥር» አለ። መርማሪዋን አላያትም።

«ጫማህን ለምን በር ላይ አወለቅህ?» አለች ካርታ ሠሪዋ ድንገት። ጥያቄው የመርማሪዋ ነበር፤ ልጅቱ ነጠቀቻት። «ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን አውልቀህ አታውቅም። አባቴ እዚህ በካቴና ሲገባ ዐይተህ ወንበር አመቻቸህለት! ወንበር!»

ለስላሳው መሐረቡን አወጣ፤ የሚያብሰው ነገር ግን አላገኘም።

«እግረ መንገዴን ልተክላቸው ነበር» አለ። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው። «አራቱን ብቻ። አንድ ቦታ እንኳ ቢያገኝ ይረጋጋል ብዬ። ቀድሞኝ እዚያ ቆሟል። በእጄ ካስማ ይዤ አየኝ። ቢሰድበኝ ለምጄው ነበር። እሱ ግን ሳቀ። ‹ና ትከላት፣ እኔ እይዝልሃለሁ› ብሎ ጎንበስ አለ።»



«የዛሬ ስድስት ዓመት ዝናቡ አላቆም አለ» ብሎ ቀጠለ። «ማዶ ብቻዬን ነበር የላከኝ። ቁልቁለቱን አንድ ቀን ወረድኩት። ከዚያ... ሠንጠረዡ ምን መኖር እንዳለበት ይነግረኝ ነበር። እኔ ጻፍኩት፣ ሌላ ምንም።»

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አሥር አለቃው የጥበቃውን ካቴና ፈትቶ እንደ ሞቀ የለስላሳው እጅ ላይ አሰረው።

«ይቅርታ የሚባል ነገር በደንባችሁ የለም?» አለ ጥበቃው አንጓውን እያሸ።

«መኪናው ቆሟል» አለ አሥር አለቃው፤ እስረኛውን ይዞ ወጣ።

ካርታ ሠሪዋ አባቷን አላቀፈችም። ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ ወይን ጠጁን ቀለም በምላጭ ትፍቅ ጀመር። ማዶ ተዳፋት ቀስ በቀስ ነጭ ሆነ። መርማሪዋን ግን አላመሰገነቻትም። ሚስቲቱም ወደ ጥበቃው አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ከዚያ ቅጠሎቿ ወዳሉበት ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ የቀራትን ልኬት ልትወስድ ሬሳው ወደተገኘበት ማዶ ሄደች። ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ሰማች። ጥበቃው አራተኛውን ካስማ እየመታ ነበር፤ ከመሣሪያ ቤት ያመጣው አሮጌ፣ የዛገ ካስማ። ሚስቲቱ የሟቹን ሰሌዳ ደረቷ ላይ ደግፋ ግንድ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷን ታማ ማዶን ከረገጠች አሥር ዓመት ያልፋታል።

«ጥራ» አለችው። «እንዳየኸው ጥራ። እኔ እጽፋለሁ።»

«ቁልቁለቱን እንዴት ወረዱት፣ እትዬ? ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴ ሣር አይደለም፤ አይመዘገብም። ጥራ አልኩህ።»

ጥበቃው መዶሻውን አስቀመጠ። ሽቅብ ወደ ባሉጡ አየ። ባሉጡን ግን አልጠራም። ዓይኑ ወርዶ ከእግሩ ሥር፣ ሰው የሚያህል ቦታ ላይ ቆመ።

«የተረገጠ ሣር» አለ።

እርሳሱ ለጥቂት ጊዜ ወረቀቱ ላይ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ከዚያ ሴትዮዋ ጻፈችው፤ ከሁሉ በፊት፣ ከላይ።